ወይዘሪት ዓሣና ስድስቱ ጋሎን ውሃ

ያኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከሀዋሳ ወጥቼ የማውቀው ለለቅሶ አዲስ አበባ፣ ለስለት ደግሞ ቁልቢ ብቻ ነው። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ በምትባል ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን ደውሎ «እታለም፣ ቪዛው ወጣ፤ ለሦስት ሳምንት ትመጫለሽ» ሲለኝ ከኔ በላይ የተደሰቱት ሐይቁ ዳር አብረውኝ ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ናቸው። ስመለስ ደግሞ «ንገሪን» እያሉ መቀመጫ ነሱኝ። ለአንዷ ጨርሼ ሌላዋ ስትመጣ እንደ አዲስ ከመጀመር ልጻፈው አልኩ። ስለ ፎቅና ስለ ተራራ የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይተወው። እኔ አሜሪካ ድረስ ሄጄ ያየሁት አንዲት ዓሣ ነው። ያውም ሌባ ጣቴን የማታክል፣ ያውም የማትበላ።

የተነሳሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ሻንጣዬን የሞሉልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። በርበሬው፣ ሽሮውና ቡላው ገብቶ ሲያበቃ ለልብሴ የተረፈው ቦታ አንድ ነጠላ ብቻ የሚይዝ ነበር። እስከ አዲስ አበባ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን፣ መንገድ ላይ ወርደን ሌላ አውሮፕላን ቀይረን፣ እግሬ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ማክሰኞ ከሰዓት ዴንቨር ገባሁ። ምግቡን አትጠይቁኝ። ዓሣ ነው ብለው የሰጡኝን ቀምሼ፣ ይህን ያበሰለ ሰው እኛ ጋ ቢመጣ ቢላዋ አላስይዘውም አልኩ።

ዴንቨር ላይ ሻንጣዬን ከፈቱት። ቡላውን አገኙ። ቡላ እንደምታውቁት ነጭ ነው፣ ዱቄት ነው፣ በፌስታል የታሰረ ነው። ፈታሿ ወጣት ሴት አየችው፣ ጓደኛዋን ጠራች፣ ጓደኛዋ ሌላ ሰው ጠራ። የኔ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት የመጣ አይደለም፤ ዓሣ ሊበሉ ከሚመጡ ቱሪስቶች አንድ አንድ ቃል እየለቀምኩ ያጠራቀምኩት ነው። «ፉድ! ትሪ ፉድ!» አልኩ፤ የዛፍ ምግብ ነው፣ ከእንሰት ነው ለማለት። ሦስቱም ተያዩ። ሲጨንቀኝ ስልኬን አወጣሁና የጎረቤቴ ልጅ የቡላ ገንፎ አፍንጫዋ ድረስ ተለቅልቃ የተነሳችውን ፎቶ አሳየሁ። ወጣቷ ሳቀች፤ ፌስታሉንም ራሷ መልሳ አሰረችልኝ። ደግ ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ግን ሰዓቱ ነጉዷል።

ከዚያ ደግሞ ሰለሞን የለም። «እታለም፣ በሩ ላይ ነኝ» ይላል በስልክ። እኔም በሩ ላይ ነኝ። እሱ ከላይኛው ፎቅ በር፣ እኔ ከታችኛው። እኛ ሀዋሳ በር ማለት በር ነው፤ ሰው የሚወጣበት አንድ፣ እሱ። እንዲህ ስንፈላለግ ቆይተን በመጨረሻ ስንገናኝ መተቃቀፉን ትተን ተጣላን። ከተጣላን በኋላ አለቀስን።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ ሰማይ ጠቀስ ሰማያዊ ፈረስ ቆሟል፤ ዓይኑ እንደ ፍም ይቀላል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስለው «ሐውልት ነው፣ ዝም ብሎ ነው» አለኝ። ከዚያ ነዳን። እንደገና ነዳን። ከሀዋሳ ጫፍ እስከ ጫፍ በባጃጅ ሦስት ጊዜ ደርሼ በምመለስበት ጊዜ ገና «ደረስን» አላለም። ተራሮቹ ወደ ምዕራብ እንደ ግድግዳ ተደርድረዋል። «ወደዚያ ነው የምንሄደው?» አልኩት። «አይ፣ እሱ ሌላ ነው።» እዚያ አገር ሁሉም ነገር ሌላ ነው።

ቤቱ ሃቫና ስትሪት ከሚባለው ትልቅ መንገድ ገባ ብሎ ነው። የሰለሞን ሚስት አዜብ እንግልውድ በምትባል አጎራባች ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስንደርስ ለሥራ ወጥታለች። ፍሪጁ ላይ «እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዶሮው ምድጃ ላይ ነው፣ ሰለሞን፣ ወተት እንዳትረሳ» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ቆይቶ እንደገባኝ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በዚያ ፍሪጅ በር ነው። እሷ ቀን፣ እሱ ሌሊት ታክሲ። የተቀበሉኝ የአዜብ እናት እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በዱላ ነው የሚሄዱት። አገላብጠው ሳሙኝና «የሺ፣ አንቺ ልጅ፣ ብይ፤ ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ ጊዜ የለም» አሉኝ። ከሀዋሳ እስከዚያ የሰማሁት የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው።

መኝታዬ ሳሎን ውስጥ፣ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋ ላይ ነው። ከሶፋው ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ገንዳው ራሱ ትንሽ ነው። ቱቦው፣ መብራቱ፣ ባልዲውና ጨርቁ ግን መስኮቱን እንዳለ ይዘውታል። አንዲት የአየር መንፊያ እንደ ሽሮ ድስት ትንተከተካለች። ውስጡ አንድ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ኋላ አንዲት ዓሣ።

ረቡዕ ጠዋት ከዓሣዋ ጋር በወግ ተዋወቅን። አስተዋዋቂዋ ሊዲያ ናት፤ የሰለሞን አንድ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲያስጨንቋት ብቻ ሁለቱን ትቀላቅላለች። ዓሣዋ ጭቃማ ግራጫ ናት። ጅራቷ ብቻ እንደ መቀስ ተከፍቶ ዳርና ዳሩ ጠቆር፣ መሃሉ ቢጫ ይላል።

«ይቺን እኛ ጋ መረቡ ራሱ ያሾልካታል» አልኩ።

ሊዲያ አባቷን አየችው፤ የሐይቅ ዳር አማርኛዬ ከብዷት መሰለኝ። ሰለሞን አስተረጎመ፤ ምን ብሎ እንደሆነ እንጃ፣ ልጅቷ ፈገግ አለች። የዓሣዋ ዘር በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም በኛ ወይዘሪት እንደማለት ነው አለኝ። የምትኖረው ወንዝ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ ውሃው ጨው አለውም የለውም በማይባልበት። ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ጀምሮ እስከ እስያ ድረስ ዘመድ አላት። «በለው!» አልኩ፤ «እሷም ቪዛ ወጥቶላት ነው?»

በመጀመሪያ ስድስት ነበሩ። አምስቱ አንድ በአንድ አለቁ። ሰለሞን ሊዲያ ባለችበት እንዲህ አለኝ፦ «ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ እታለም። እሷ ከሞተች ገንዳው ይወጣል፣ ሌላ አይገዛም። መስኮቱ ሥር የእማማ ወንበር ይገባል፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።» እማማ ጥሩነሽ ከኋላ ሆነው «እኔ አላጣደፍኳትም፤ የራሷን ቀን ትኑር» አሉ። ግን መስኮቱን በዓይናቸው ይለኩት ነበር።

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ሰኞ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተራራ ላይ ለካምፕ ትሄዳለች፤ እስከ ሐሙስ። የገንዳው ማጣሪያ ተበላሽቶ አዲሱ በፖስታ እየመጣ ስለሆነ በየጠዋቱ አንድ ጋሎን ውሃ ወጥቶ አንድ ጋሎን መጨመር አለበት። ካልሆነ አልሄድም ብላ ሳምንት አኩርፋለች። ያኔ ወንድሜ ጉድ ሠራኝ። «አክስትሽ እያለች ምን ትፈሪያለሽ? እሷ የዓሣ ሰው ናት፤ ዓሣ ላይ ነው ዕድሜዋን የፈጀችው።»

«ትሩ፣ አንቲ?» አለችኝ ሊዲያ። እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። እነዚያ ዓይኖች!

«ሠላሳ ዓመት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «በኔ ይሁንብሽ፣ የኔ እናት። ሂጂ።»

የኔ የዓሣ እውቀት የሚጀምረው ዓሣው ከውሃ ከወጣ በኋላ መሆኑን አልተናገርኩም። ቅርፊቱን እንዴት እንደምገፍ፣ ሆዱን በስንት ቢላዋ እንደምከፍት፣ ዘይቱ መቼ እንደሚበቃው ጠይቁኝ። ዓሣ በሕይወት ማቆየት ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም።

ዓርብ አፍንጫዬ ደማ። ከመነሳቴ በፊት ያላስፈራራኝ አልነበረም፤ ዴንቨር ከፍታ ነው፣ ትንፋሽ ያጥርሻል ሲሉኝ «ሀዋሳስ ሜዳ ናት እንዴ?» ብዬ ስቄ ነበር። ከፍታው ምንም አላለኝም። ድርቀቱ ግን! አየሩ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። የታጠበ ልብስ እጅ ላይ ይደርቃል፣ ከንፈር እንደ ክረምት ተረከዝ ይሰነጠቃል። በዚያ ሁሉ ድርቀት መሃል እማማን፣ ሰለሞንን፣ አዜብን፣ እኔንም ጨምሮ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ለአንዲት ጭቃ መሳይ ዓሣ ውሃ ይለካል። በሀዋሳ ልክ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ሐይቁ ነው ለኛ የሚለካልን።

ቅዳሜ ሰለሞን ሃቫና ስትሪትን አሳየኝ። መንገድ ሲባል ሰው የሚሄድበት መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ነበር የወጣሁት። ሰው የለም። መኪና ብቻ ነው። የኛ ሰው በርበሬ የሚሸጥበት፣ ከጎኑ የኮርያ፣ ከሱ ማዶ የሜክሲኮ፤ ሁሉም ሱቅ ፊት ለፊቱ የኳስ ሜዳ የሚያህል የመኪና ማቆሚያ አለው። ከአንዱ ሱቅ ማዶ ወዳለው ለመሻገር መኪናውን አስነሳ። «በእግራችን አንሻገርም?» ስለው «እታለም፣ ልትሞቺ ነው?» አለኝ። በመንገዳችን ላይ የዓሣ ምግብና ገንዳ የሚሸጥበትን ሱቅ «የሊዲያ ገነት» ብሎ አሳየኝ። ደግ አደረገ፣ ሳያውቀው።

ማታ ሊዲያ ትምህርቴን ሰጠችኝ። ወጥ ቤቱ ጥግ ወለል ላይ ሦስት የፕላስቲክ ጋሎኖች ደርድራለች፤ በየአንዳንዳቸው ልዩ ጨው ለክታ በጥብጣባቸዋለች። «ፍሎር ላይ ያለው ኢዝ ፎር ፊሽ። ኦኬ አንቲ? ፍሎር።» ወለሉን በእግሯ መታ መታ አደረገች። እኔም መታሁ። ተስማማን። ወረቀት ይለጠፍበት ያለ የለም፤ እዚያ ቤት ወለል ላይ ያለ ውሃ የዓሣዋ መሆኑን የማያውቅ ስላልነበረ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ፍልሰታ ነገ ስለሚገባ ሰዉ ሁሉ ጠበል ቀድቶ ይወጣል። ሰለሞንም ሦስት ጋሎን ቀዳ። ዕቃው? ያው ከሱቅ ውሃ የሚገዛበት ፕላስቲክ፤ ከሊዲያዎቹ ጋር ከአንድ ማህፀን የወጣ። ቤት እንደደረስን ስልኩ ጮኸ፤ ለሥራ ፈለጉት። ሦስቱን ጋሎን ወጥ ቤት ጥግ፣ ከሌሎቹ ሦስቱ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ዱብ ዱብ አድርጎ ሮጠ።

ሰኞ ማለዳ ሊዲያ ገንዳው ላይ ተደፍታ ወይዘሪትን ተሰናብታ ሄደች። አውቶቡሱ ከመታጠፉ እማማ ጥሩነሽ ከወጥ ቤት ጮኹ።

«የሺ! ይሄን ያደረገው ማነው? ጠበል መሬት ይቀመጣል እንዴ? እግር በሚረግጠው!»

«ሰለሞን ቸኩሎ ነው፣ እማማ።»

«ቢቸኩልስ! አንሺልኝ፣ ከመደርደሪያው ላይ አድርጊልኝ።» በዱላቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙ። ስድስት ጋሎን፤ ስድስቱም ጥርት ያለ ውሃ። የዱላው ጫፍ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መሰለኝ። በቀኝ ያሉትን ሦስቱን አንስቼ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በክብር ደረደርኳቸው። ከዚያ ወለል ላይ ከቀሩት አንዱን ወስጄ የወይዘሪትን ውሃ ለወጥኩ።

ልቧ! እጄ ገና ውሃው ውስጥ ከመግባቱ ከድንጋዩ ኋላ ተወርውራ ጣቴን ነከሰችኝ። ጥርስ አላት ለማለት አይደለም፤ ንቀቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አምባዛ በእጄ የያዝኩ ሴት፣ ገንዳ ባጸዳሁ አንዲት ቁንጥር ታባርረኛለች። «አንቺ የማንም ጥብስ!» አልኳት።

ማክሰኞ እማማ ጥሩነሽ ፊታቸው በርቶ ነው የተነሱት። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ከመደርደሪያው አንድ ሲኒ ይጠጣሉ። «የዘንድሮው ጠበል ይበረታል። ጨው ጨው ይላል። ሌሊቱን ሆዴን አጠበልኝ፤ የሰነበተ ነገር ነበረብኝ ማለት ነው።» ጉልበታቸውም ቀለል ብሏቸዋል። ለኔም ቀዱልኝ። እውነትም ጨው ጨው ይላል። በኛ በኩልም እንዲህ የሚል፣ ሰው የሚድንበት ፍል ውሃ ስላለ አልገረመኝም። አማትቤ ጠጣሁ። ወለል ላይ ካለው ደግሞ ሁለተኛውን ጋሎን ለዓሣዋ ሰጠሁ። የዚያን ቀን የነከሰችኝ በግማሽ ልብ ነው።

ረቡዕ ሦስተኛውን ጨመርኩ። እጄን ከተትኩ። አልመጣችም። እስከ ክንዴ አስገባሁ። አልመጣችም። ከድንጋዩ ኋላ ጥግ ይዛ፣ ቀለሟ እንደ አመድ ነጥቶ፣ ክንፏን ሰብስባ ቆማለች። ምግቡን ብበትንላት እያየችው አለፈ። ስታባርረኝ እንደዚያ ያንገበገበችኝ ዓሣ ነክሳኝ በሆነ አልኩ። «በኔ ይሁንብሽ» ማለቴ ትዝ አለኝ። ያንን ገንዳ ሰለሞን ሲያወጣው፣ ልጅቷ ቆማ ስታይ ታየኝ።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ከገንዳው ውሃ በጣቴ ነክሬ ቀመስኩ። ጨዉ የለም ማለት ይቻላል፤ እንደ ሀዋሳ ሐይቅ ነው። ዞሬ መደርደሪያውን አየሁ። የእማማ ሲኒ ከጋሎኑ አጠገብ ተደፍታለች።

በስመ አብ!

ሰለሞን ሌሊቱን ነድቶ ገና መተኛቱ ነው። አዜብ እንግልውድ ናት። ከወጥ ቤት ጨው በእፍኝ ልጨምር ብዬ እጄን ሰደድኩና ፈራሁ፤ ይሄ ወጥ አይደለም። የገንዳውን ውሃ በማርማላታ ብልቃጥ ቀዳሁና ነጠላዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ።

«ዓሣዋ ታማለች፤ ሱቁ ድረስ።»

«አታውቂው፣ ትጠፊያለሽ። አውቶቢሱን እኔ አውቀዋለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ ጠበሉ አሽሎታል።»

ምን ልበል? ሃቫና ስትሪት ላይ ጥላ የሌለው ፌርማታ ቆምን፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ መኪናው ያፏጫል፣ እኔ በአንድ እጄ ብልቃጥ በአንድ እጄ እማማን ይዣለሁ። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት ይቆጡኛል?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ያ ሲጠጡት የከረሙት ጠበሉ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«የዓሣዋ ነው። ሊዲያ በጨው የበጠበጠችው። እኔ ነኝ አሳስቼ መደርደሪያ ላይ ያወጣሁት።»

መንገዱን አዩ። በማዶ በኩል አንድ አውቶቡስ አለፈ።

«ዓሣዋስ ምን ስትጠጣ ከረመች?»

«ጠበሉን።»

«ሦስት ቀን?»

«ሦስት ጋሎን።»

«ቅዳሴ ሳትሄድ!» አሉ እማማ ጥሩነሽ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስል፣ እየሳቁ ነው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ጾሜንስ? ጾሜን አፍርሼአለሁ?»

«ዓሣ ያልነካው ንጹሕ ጨውና ውሃ ነው፣ እማማ።»

«ቄሱን እጠይቃለሁ። ቆይ፣ ጉልበቴን ምን አሻለው ታዲያ?»

«የዓሣ ጨው ይሆናላ።»

«ዝም በይ! ደግሞ ከገንዳው ያወጣሽውን ውሃ የት ደፋሽው?»

«መታጠቢያ ቤት።»

«እግዚኦ! ጠበል ያለበትን? ከዛሬ ጀምሮ ዛፉ ሥር ነው የምትደፊው። እግር በማይረግጠው።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ከሱቁ አልፎ ወሰደን፤ ተመልሰን በእግር። እማማ በየመብራቱ ሥር ቆመው ይተነፍሳሉ፣ ደመናው ከተራራው በኩል እየጠቆረ ይመጣል። ስንደርስ የሱቁ ባለቤት፣ ከእስያ የመጡ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ምንም ሳይጠይቁን መጀመሪያ ለእማማ ወንበር አመጡ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ የኔን ብልቃጥ ተቀበሉ። እንግሊዝኛቸው እንደኔው የተለቀመ ነው። ሁለት ስብራት ተገጣጥሞ ደህና አጥንት ሆነ፤ እዚያ አገር እንደሳቸው የገባኝ ሰው የለም።

አንዲት ወረቀት ነክረው ቀለሟን አዩ። «ሶልት ጎን» አሉ፤ ጨዉ ሄዷል። ነገር ግን አልደነገጡም። በእጃቸው ወንዝ ሠሩ፣ ባሕር ሠሩ። ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ይሞላል፣ የዓሣዋ ቤት ጨው ያጣል። ባሕሩ ሲመለስ ጨው ይሆናል። ይቺ ዓሣ ሁለቱንም ታውቃለች፤ የምትታመመው ሲያጣድፏት ነው። «ስሎው፣ ስሎው» አሉ፣ ቀስ በቀስ ለማለት፣ ሲኒ በሚያህል ዕቃ አሳዩኝ፤ የሊዲያን የጨው ውሃ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት። እኔ ሦስቱንም ጋሎን ባንድ ጊዜ ልገለብጥባት ነበር የመጣሁት።

ልንወጣ ስንል ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ! የባቄላ የሚያህል፣ ከዚያ የለውዝ ከነልጣጩ የሚያህል፣ በነሐሴ፣ ከዚያ ሁሉ ፀሐይ በኋላ። ሰውዬው እማማን አዩ፣ ዱላቸውን አዩ፣ ሱቃቸውን ቆለፉና በራሳቸው መኪና ቤታችን በር ድረስ አደረሱን። ደጁ ላይ ሰለሞን በፒጃማው ቆሟል፤ ፊቱ የወይዘሪትን ቀለም ይዟል። «ሁለት አሮጊት ጠፍቶብኝ ፖሊስ ልጠራ ነበር!» አለ። ሁለት አሮጊት! ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው እኮ።

ከዚያ እስከ ምሽት በሲኒ ቀዳሁ። እየቆጠርኩ፣ እየተሳደብኩ፣ እየጸለይኩ። ያወጣሁትን ውሃ በባልዲ ጓሮ ተሸክሜ ዛፍ ሥር ደፋሁ፤ እማማ በመስኮቱ ሆነው ይቆጣጠሩኛል።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሪት አንዲት ፍርፋሪ በላች። አንዲት። ከሰዓት ሊዲያ ፊቷ በፀሐይ ተልጦ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ገንዳው ሮጠች። ከድንጋዩ ኋላ ያለውን አመድማ ነገር አየችና ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ነገርኳት። ጠበሉንም፣ መደርደሪያውንም፣ ሲኒውንም። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«ዩ ፕሮሚስድ፣ አንቲ» አለች፤ ወደ ክፍሏ ወጣች። ቃል ገብተሽልኝ ነበር ማለቷን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ሰለሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ ከሆነም ይገላግለናል። አርጅታለችም» አለ።

«አንተ ነህ የዓሣ ሰው ናት ብለህ ያስያዝከኝ!» አልኩት።

«እሺ በቃ፣ እታለም። ደግሞ ስታስቢው ይቺ ዓሣ ልክ እንደኛ ናት፤ በሁለት ውሃ መሃል…»

«ስብከቱን ለእሑድ አቆየው።»

እማማ ጥሩነሽ ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። «ሰለሞን፣ ስማኝ። ገንዳው አይወጣም።»

«ለእርስዎ ወንበር እኮ ነው፣ እማማ…»

«ጠበል የገባበትን ዕቃ ማነው አውጥቶ የሚጥለው? አንተ ነህ? ብትኖርም ብትሞትም ገንዳው ከዚህ ቤት አይወጣም። ወንበሬ በዚያኛው ግድግዳ በኩል ይሁን፤ ፀሐይም አይመታኝም።»

ደረጃው ላይ ኮሽታ ሰማሁ። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች ብያችሁ አልነበር?

ዓርብ ሊዲያ አላናገረችኝም፤ ግን እኔ በሲኒ ስቀዳ አጠገቤ ቆማ ትለካለች። ቅዳሜም እንዲሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጄን ወደ ገንዳው ስከት ከድንጋዩ ኋላ አንድ ነገር ተወረወረና ጣቴን ነከሰኝ። «ወይኔ!» ብዬ ሲኒውን ለቀቅኩት። ሊዲያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች። «አንቲ፣ ተናዳብሻለች!» አለች፤ በአማርኛ።

«ደግ አደረገች» አልኩ። «ትናደድብኝ።»

የቀሩትን ዘጠኝ ቀኖች አልጽፋቸውም። ክርስትና ሄድን፣ ሴንቴኒያል የሚኖሩ ዘመዶች ጋ ሁለት ጊዜ ጠፍተን አንድ ጊዜ ደረስን፣ አፍንጫዬ አራት ጊዜ ደማ። ተራሮቹንም ከሩቅ እንዳየኋቸው ተመለስኩ። ቄሱ ለእማማ ጾሙ አልፈረሰም ብለዋቸዋል፤ ስለ ጉልበታቸው ግን ምንም አላሉም። ሀዋሳ ገብቼ ሐይቁ ዳር ቢላዋዬን ስይዝ፣ መጀመሪያ ያነሳሁትን ዓሣ ትንሽ ቆም ብዬ አየሁት። ከዚያ ከፈትኩት፤ ሥራ ሥራ ነው።

እማማ በስልክ እንደነገሩኝ ወይዘሪት እስከ ጥር ቆየች። አንድ ቀን ሊዲያ ትምህርት ቤት ሳለች ሰለሞን ከድንጋዩ ኋላ ሞታ አገኛት። ጓሮ ዛፉ ሥር ቀበራት። ሊዲያን ከትምህርት ቤት ሲያመጣት መኪናው ውስጥ ነገራት፤ አልቅሳ እስክትጨርስ መንገድ ዳር ፓርክ አድርጎ ጠበቃት። ከዚያ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሃቫና ስትሪት ነዳ፤ የዚያው ዘር የሆኑ ሁለት ዓሣዎች ገዛላት። ቤት ሲገቡ ሦስት ጋሎን ውሃ በጨው በጥብጦ ወለሉ ላይ ደረደረ፣ ጠበሉ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ መሆኑን ቀና ብሎ አየ፣ ቁልፉን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ።